ነፃ መግቢያ ብቻውን ሜዳ አይሞላም

የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ ተመልካች አጣ ሲባል ከአዘጋጆች አፍ ቶሎ የሚወጣው መፍትሔ «መግቢያውን ነፃ እናድርገው» የሚል ነው፡፡ ይሁንና በአገራችን የአብዛኛው የግቢ ውድድር መግቢያ ቀድሞውንም ነፃ ነው፡፡ ዋጋው ዜሮ የሆነ ሸቀጥ ገዢ ካጣ ችግሩ የዋጋ ሊሆን አይችልም፡፡ ተማሪው ወደ ሜዳ ሲወጣ የሚከፍለው ብር ሳይሆን የዕረፍት ሰዓቱን ነው፡፡ ቅዳሜ ልብሱን የሚያጥብበት፣ ለፈተና የሚያጠናበት፣ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ከተማ የሚወጣበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ የሚያይበት ቀኑ ነው፡፡ ስለዚህ ጥያቄው «ስንት እናስከፍል?» ሳይሆን «ሁለት ሰዓቱን እንዲሰጠን እኛ ምን እንስጠው?» መሆን ይኖርበታል፡፡

ይህን ጥያቄ በአንድ ከተማ ላይ አስቀምጦ ማየቱ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፡፡ ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን በ2014 ዓ.ም የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞችም አንዷ ናት፡፡ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፡፡ አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሆነው ቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የሚመደቡ ተማሪዎችን እያስተማረ ይገኛል፡፡ ለከተማው ነጋዴ ይህ ማለት ወጣት ሸማች በየዓመቱ ደጁ ድረስ ይመጣለታል ማለት ነው፡፡ ይህን ሸማች አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ደስ ብሎት ቆሞ ለማግኘት ከእግር ኳስ ጨዋታ የተሻለ አጋጣሚ በቀላሉ አይገኝም፡፡

እሸት ቡና እንጂ ጀንፈል አይደለም

የካፋ ገበሬ ስለ ሸቀጥ ባሕርይ አስተማሪ አያስፈልገውም፡፡ በፀሐይ የደረቀ ጀንፈል ቡና ገበያው ካልጣመው ጎተራ አስገብቶ ዋጋ እስኪሻሻል ይጠብቃል፡፡ እሸቱን ለቅሞ ለእጥበት የሚያቀርብ ገበሬ ግን ይህ ዕድል የለውም፡፡ ቀይ እሸት በዕለቱ ካልተሸጠና ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል፣ ዋጋውም አብሮት ይወርዳል፡፡

የእግር ኳስ ጨዋታ እሸት ቡና ነው፡፡ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፋ በኋላ ባዶ የቀረውን ቦታ ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይቶ መሸጥ አይቻልም፡፡ ወጪው ግን ተመልካቹ 20 ሆነ 2,000 ያው ነው፡፡ የዳኛ አበል ይከፈላል፣ ሜዳው በኖራ ይሰመራል፣ ኳስና ማሊያ ይገዛል፣ ለተጫዋቾች ውኃ ይቀርባል፡፡ ተመልካች በጨመረ ቁጥር የአዘጋጁ ወጪ እምብዛም አይጨምርም፡፡ ተጠቃሚው ግን ይበዛል፡፡ እንዲህ ያለ ሸቀጥ የያዘ ሰው ትልቁ ሥራው ቦታው ከመበላሸቱ በፊት ሰው ማስገባት ነው፡፡

ከገንዘቡ ሌላም የሚጠፋ ነገር አለ፡፡ አንድ አዲስ ተማሪ ከጎንደር፣ ከሐረር ወይም ከወላይታ ተመድቦ ቦንጋ ሲደርስ የአካባቢውን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ አያውቅም፡፡ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከሚግባባቸው የአገሩ ልጆች ጋር ብቻ ቢያሳልፍ አይፈረድበትም፡፡ የትምህርት ክፍሉ ቡድን ሲጫወት ግን ከማያውቀው ሰው ጎን ቆሞ ለአንድ ግብ አብሮ ይጮኻል፡፡ ሜዳው ባዶ ሲሆን ይህ አጋጣሚም አብሮ ይባክናል፡፡ «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፡፡

ሀብታሞቹም ቸግሯቸዋል

ችግሩ የድሃ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አለመሆኑን ለማወቅ ወደ አሜሪካ መመልከት ይጠቅማል፡፡ እዚያ እግር ኳስ የሚባለው በሞላላ ኳስ፣ በአብዛኛው በእጅ የሚካሄደው የእነርሱ ጨዋታ ነው፡፡ የዩኒቨርሲቲዎቹ ስታዲየሞች እጅግ ግዙፍ ሲሆኑ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ107,000 በላይ ሰው ይይዛል፡፡ ሆኖም ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2014 በትልቁ ዲቪዚዮን የሚጫወቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን አሐዝ ሰብስቦ ሲያጠና የተማሪ ተመልካች ቁጥር ከ2009 ወዲህ በአማካይ 7.1 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፡፡ ለዚህ ከተሰጡት ምክንያቶች ውስጥ የቴሌቪዥን ምስል ጥራት መሻሻል፣ ስታዲየም ውስጥ የሞባይል ኔትዎርክ መጨናነቅ፣ የጨዋታው ርዝመትና የተጋጣሚ ቡድኖች ደካማነት ይገኙበታል፡፡ አብዛኞቹ ምክንያቶች ከቲኬት ዋጋ ጋር ግንኙነት እንደሌላቸው ልብ ይሏል፡፡

ሚሺጋን በዚህ ጊዜ ሁለት ስህተት በአንድ ላይ ሠራ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 የተማሪዎችን የመቀመጫ ሥርዓት ለውጦ «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀመጥ» አለ፡፡ ሐሳቡ ተማሪው ማልዶ እንዲመጣ ነበር፡፡ ዳሩ ግን ለዓመታት በአንድ ጥግ አብረው ይቀመጡ የነበሩ ጓደኛሞች ተበታተኑና ቅሬታው በዛ፡፡ የተማሪ የዓመት ቲኬትም 295 ዶላር ደርሶ ስለነበረ ገዢው ሸሸ፡፡ ዩኒቨርሲቲው ለ2015 የውድድር ዘመን ዋጋውን ወደ 175 ዶላር ለማውረድ ተገደደ፤ የመቀመጫውንም ደንብ መልሶ አሻሻለ፡፡ ትምህርቱ ግልጽ ነው፡፡ ተማሪው የገዛው ወንበር አልነበረም፡፡ የገዛው ከጓደኞቹ ጋር መቀመጥን ነበር፡፡

የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት፡፡ ቡድኑ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ተማሪው ይመጣል፤ ነገር ግን ውጤቱ አስቀድሞ ሲታወቅ ጨዋታው ሳያልቅ ይወጣል፡፡ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2019 በሞባይል ስልክ የሚሠራ የነጥብ ሥርዓት ዘረጋ፡፡ ወደ ስታዲየም የመጣ ተማሪ 100 ነጥብ፣ እስከ አራተኛው ክፍለ ጊዜ የቆየ ደግሞ ተጨማሪ 250 ነጥብ ያገኛል፡፡ ነጥብ ያጠራቀመ ተማሪ ለትልልቆቹ የማጠቃለያ ጨዋታዎች ቲኬት ለማግኘት ቅድሚያ ይሰጠዋል፡፡ ስልኩ የተማሪውን ቦታ ስለሚከታተል የግል ነፃነት ጥያቄ ማስነሳቱ አልቀረም፡፡ የገበያ ብልሃቱ ግን ልብ የሚባል ነው፤ ለመምጣት ከሚሰጠው ይልቅ ለመቆየት የሚሰጠው ሽልማት ከእጥፍ በላይ ነው፡፡

ሦስተኛው ምሳሌ ሳንቲም የማያስወጣው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1922 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተጫዋቾች በጉዳት ሲመናመኑ ከተመልካች መካከል አንድ ተማሪ ተጠርቶ የቡድኑን ልብስ ለበሰና «ካስፈለግሁ ዝግጁ ነኝ» ብሎ በሜዳው ዳር እስከ መጨረሻው ቆመ፡፡ ወደ ጨዋታው አልገባም፡፡ ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ራሱን «አሥራ ሁለተኛው ሰው» ብሎ ይጠራል፤ ጨዋታውንም ቆሞ ይመለከታል፡፡ ተመልካቹ የቡድኑ አባል መሆኑን ያመነበት ቦታ ላይ ማስታወቂያ ብዙ አይደክምም፡፡

የራሳችን ትምህርት ቤት

ለዚህ ዓይነቱ ብልሃት አገራችንም ባዶ አይደለችም፡፡ የአዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ሁሉ ጥላ ፎቅን፣ ከማን አንሼን፣ ካታንጋንና ሚስማር ተራን ያውቃል፡፡ ስሞቹ የመቀመጫ ደረጃ ብቻ አልነበሩም፡፡ ሰው «ዛሬ የት ነህ?» ሲባል የሚመልሰው አድራሻው ነበሩ፡፡ ተመልካቹ ቦታውን፣ ጎረቤቱንና ዜማውን ያውቃል፡፡ ሚሺጋን በ2013 ያፈረሰው ይህንኑ የመሰለ ጉርብትና ነው፡፡

ሁለተኛው የአገር ውስጥ ትምህርት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው፡፡ በ1994 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 10,000 ያህል ሰው የተሳተፈበት ይህ ውድድር ካናቴራውን እንደ መግቢያ ቲኬት ይጠቀምበታል፡፡ መንገድ ላይ መሮጥ ለማንም ነፃ ነው፡፡ ሰው ገንዘብ አውጥቶ የሚመዘገበው ያን ዓመት በዚያ ቀለም ከሺዎች ጋር አንድ ለመምሰል ነው፡፡ ነፃ የሆነውን ነገር ተፈላጊ ያደረገው ካናቴራው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

ሦስተኛው ትምህርት ከቦንጋ ቅርብ ነው፡፡ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በ2010 ዓ.ም ዋንጫውን ሲያነሳ መላው አካባቢ አብሮት ቆሞ ነበር፡፡ ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ግን ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ሲጀምር፣ የጅማ፣ የሐዋሳና የአዳማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች ጨዋታ ሲያስተናግዱ፣ ብዙ ክለብ ከደጋፊው ርቆ መጫወት ግድ ሆነበት፡፡ ቴሌቪዥኑ ገቢ አመጣ፤ «የእኛ ቡድን፣ የእኛ ሜዳ» የሚለውን ግን ሊያመጣ አልቻለም፡፡ የግቢ ውድድር ዛሬ ትልቁ ሀብቱ ይኸው ነው፡፡ ተጫዋቹ ትላንት በሰልፍ አብሮ ምሳ የበላ የዶርም ጓደኛ ነው፡፡ የትኛውም የአውሮፓ ክለብ ይህን ሊያቀርብ አይችልም፡፡

ተወዳዳሪው ማን ነው?

ማንኛውም ነጋዴ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ጎረቤቱ ምን እንደሚሸጥ ያያል፡፡ የግቢ እግር ኳስ ጎረቤት ዲኤስቲቪ ቤቱ ነው፡፡ በጠርሙስ ለስላሳ ዋጋ ወይም በጥቂት ብር የዓለም ኮከቦች ይታያሉ፡፡ ከዚህ ጋር ፊት ለፊት መግጠም ከንቱ ድካም ነው፡፡ ሰዓቱን አውቆ መሸሽ ግን ይቻላል፡፡

የእንግሊዝ የቅዳሜ ጨዋታዎች የተለመደ መነሻ ሰዓት አላቸው፡፡ እንግሊዞች ሰዓታቸውን በጥቅምት ወር አጋማሽ ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ፊት ያደርጉታል፡፡ በዚህ መሠረት ከጥቅምት እስከ መጋቢት የመጀመሪያው የቅዳሜ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9፡30፣ አብዛኞቹ ጨዋታዎች ከምሽቱ 12፡00፣ የማታው ደግሞ 2፡30 ላይ ይጀምራሉ፡፡ በቀሩት ወራት ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ፤ ማለትም 8፡30፣ 11፡00 እና 1፡30 ይሆናሉ፡፡ የግቢ ውድድሩን ቅዳሜ 9፡00 ሰዓት ላይ የሚያስቀምጥ አዘጋጅ ተመልካቹን በገዛ እጁ ለጎረቤቱ አስረከበ ማለት ነው፡፡

የቦንጋ አየር ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፡፡ ካፋ ደኑን ያበቀለው ዝናቡ ነው፤ ዓመቱን በአብዛኛው ይዘንባል፡፡ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን ቀለል ይላል፡፡ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፡፡ የውድድሩ ልብ በእነዚህ ደረቅ ወራት፣ ቅዳሜ ጧት ከ3፡30 ጀምሮ ምሳ ሳይደርስ ቢውል ዲኤስቲቪውንም፣ ዝናቡንም፣ የምሳ ሰልፉንም ያመልጣል፡፡ ዓርብ ከጁምዓ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ጋር አይጋጭም፡፡ ቅዳሜን በጸሎት የሚያሳልፉ ተማሪዎች ስላሉ ግን አንዳንዱን ጨዋታ በሥራ ቀን ከክፍል በኋላ ማድረግ ያስፈልጋል፡፡ በሥራ ቀን የሚደረገው ጨዋታ ከመምሸቱ በፊት እንዲያልቅ እያንዳንዱ አጋማሽ 35 ደቂቃ ቢሆን የሚከፋ ተማሪ አይኖርም፡፡

ሥራው ከየት ይጀመር?

አንደኛ፣ ቆጠራ፡፡ ብዙ አዘጋጆች «ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር» ከማለት ውጪ ቁጥር የላቸውም፡፡ ይህ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው፡፡ ሁለት ተማሪዎች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ሦስት ጊዜ ይቁጠሩ፤ ጨዋታው ሲጀመር፣ በዕረፍት ሰዓትና ሊያበቃ 10 ደቂቃ ሲቀረው፡፡ መጀመሪያ ላይ 300፣ መጨረሻ ላይ 90 ሰው ካለ ችግሩ የማስታወቂያ ሳይሆን የማቆየት ነው፡፡ መጀመሪያም መጨረሻም 90 ከሆነ ወሬው አልደረሰም ወይም ሰዓቱ አልተስማማም፡፡ ሁለቱ በሽታዎች መድኃኒታቸው ለየቅል ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ተመልካቹን በቡድን መጥራት፡፡ ተማሪ ብቻውን ወደ ሜዳ አይወጣም፤ ከዶርሙ ልጆች ጋር ይወጣል፡፡ ስለዚህ በየግድግዳው የሚለጠፍ አንድ ሺህ ወረቀት ከሚሠራው ይልቅ በየዶርሙ አንድ አንድ ቀስቃሽ የበለጠ ይሠራል፡፡ ለየትምህርት ክፍሉ በሜዳው ዙሪያ ቋሚ ቦታ ይሰጠው፣ ቦታውንም ተማሪዎቹ ራሳቸው ስም ያውጡለት፡፡ ከማን አንሼንም የሰየመው ኮሚቴ አይደለም፡፡

ሦስተኛ፣ ሴት ተማሪዎችን መዘንጋት የሚያስከትለው ኪሳራ፡፡ የግማሹን ገበያ በር ዘግቶ ሰው አጣን ማለት አይቻልም፡፡ የሴቶች ጨዋታ ከወንዶቹ በፊት በዚያው ሜዳ ቢደረግ ሁለት ዓይነት ደጋፊ በአንድ ትኬት ይመጣል፡፡ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ስድብን የሚያስቆም አስተባባሪና ሳይመሽ ወደ ዶርም መመለስ መቻል ከማንኛውም ሽልማት ይበልጣሉ፡፡

አራተኛ፣ የዕረፍቱ 15 ደቂቃ፡፡ ተመልካች የሚሄደው በብዛት ያን ጊዜ ነው፡፡ የፍጹም ቅጣት ምት ውድድር ለተመልካቾች፣ የካፋ ባህላዊ ጭፈራ ወይም የመምህራንና የተማሪዎች የገመድ ጉተታ ብዙ ወጪ የለውም፡፡ የሎተሪ ዕጣ የሚወጣ ከሆነም መውጫው የጨዋታው መጨረሻ ላይ ይሁን፡፡ የአላባማ ብልሃት በስልክ ሳይሆን በቁራጭ ወረቀትም ይሠራል፡፡

አምስተኛ፣ ሽልማቱ፡፡ ለአሸናፊ ቡድን ዋንጫ እንዳለ ሆኖ ብዙ ደጋፊ ይዞ ለመጣና እስከ መጨረሻው ላቆየ የትምህርት ክፍል የተለየ ሽልማት ያስፈልጋል፡፡ ቦንጋ ላይ መጀመሪያ የሚታሰበው በዝርያው የታወቀው የቦንጋ በግ ሊሆን ይችላል፡፡ ሙክት መሸለም ለዓይን የሚማርክ ቢሆንም «ማን ይረድ?» የሚለው ጥያቄ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ተማሪ በአንድ ማዕድ አያስቀምጥም፤ ጾም ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፡፡ የካፋ ማርና ቡና ግን ሁሉን ያስማማል፡፡ አብረው የደገፉትን አብረው የሚያስቀምስ ሽልማት ከሚለያይ ሽልማት ይሻላል፡፡

ነጋዴው ምን ያገኛል?

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል፡፡ አንድ ጨዋታ ለዳኞች 1,500፣ ለኖራ 300፣ ለውኃና ለመጀመሪያ ዕርዳታ 700፣ ለድምፅ ማጉያ 500፣ በድምሩ 3,000 ብር ይፈጃል እንበል፡፡ በሜዳው ዳር ጀበና ቡና፣ ሻይ፣ ቆሎና ሳምቡሳ የሚሸጡ 6 ሰዎች ለቦታ 100 ብር ቢከፍሉ 600 ብር ይሆናል፡፡ አንድ የከተማው ድርጅት ስሙን በጨርቅ አጽፎ ለመስቀል 1,500 ብር ይክፈል፡፡ በሴሚስተሩ 200 የትምህርት ክፍል ካናቴራ ተሸጦ ከእያንዳንዱ 60 ብር ቢተርፍ 12,000 ብር ነው፤ ለ12 ጨዋታዎች ሲካፈል ለአንዱ 1,000 ብር ይደርሰዋል፡፡ ጠቅላላ ገቢው 3,100 ብር ይሆናል ማለት ነው፡፡ ትርፉ 100 ብር ብቻ ቢሆንም ውድድሩ የማንንም ደጅ ሳይጠና ራሱን ቻለ፡፡

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከመግቢያ የተገኘ አንድ ሳንቲም እንደሌለ ልብ ይበሉ፡፡ የተሸጠው ተመልካቹ ያለበት ቦታ ነው፡፡ ሰዉ ከ400 ወደ 50 ቢወርድ ቡና ሻጯ በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም፡፡ ከ400 ሰው አራት አንዱ በ20 ብር ቡና ቢጠጣ 2,000 ብር የምትሸጥበት የነበረው ጧት ወደ 250 ብር ወርዷልና፡፡ ጨርቁን የሰቀለው ድርጅትም ውሉን አያድስም፡፡ የአዘጋጁ ገቢ ወደ ካናቴራው ብቻ ይወርዳል፤ እሱም ቢሆን የሚለብስበት ቦታ ከሌለ የሚገዛው አይኖርም፡፡

የስፖንሰር ጥያቄም በዚሁ ዓይን ይታይ፡፡ ቢራ ፋብሪካ ከመለመን በፊት የአገሩን ሕግ ማወቅ ይገባል፡፡ በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን በብሮድካስት ከመከልከሉም በላይ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፡፡ ከግቢ ተማሪዎች ብዙዎቹ ከዚህ ዕድሜ በታች ናቸው፡፡ ቦንጋ ላይ ተፈጥሯዊው ስፖንሰር ቡናና ማር ነው፡፡ ካፋ የቡና መገኛነቷን ለዓለም የምታስተዋውቅ፣ ደኗም በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ምድር ናት፡፡ ከመላው አገሪቱ የተሰበሰበ ወጣት ለሦስትና ለአራት ዓመት የካፋን ቡና በካፋ ሜዳ ላይ እየጠጣ ቢመረቅ፣ ወደየአገሩ ሲመለስ የሚያወራው ማስታወቂያ በጋዜጣ ገጽ አይገዛም፡፡ የቡና ዩኒየኖችና የማር ነጋዴዎች ሊያዩት የሚገባው ገበያ ሜዳው ዳር ያለውን ብቻ አይደለም፡፡

ሊጠነቀቁት የሚገባ

ተመልካች መብዛቱ በራሱ ግብ አይደለም፡፡ ፉክክር የሌለው ጨዋታ ሰው አይስብም፤ ፉክክሩ ከኳስ ሲያልፍ ግን ገበያውንም ሰዉንም ያጠፋል፡፡ በ2010 ዓ.ም ወልዲያ ከመቐለ ከተማ ጋር ሊያደርገው የነበረው የሊግ ጨዋታ በረብሻ ምክንያት ሳይካሄድ መቅረቱን ስፖርት ወዳዱ አይዘነጋውም፡፡ ስለሆነም የግቢ ቡድኖች በትውልድ አካባቢ ወይም በቋንቋ መደራጀት የለባቸውም፡፡ በትምህርት ክፍል፣ በባች ወይም በዶርም ብሎክ የተደራጀ ቡድን ደጋፊው ከየአገሩ የተውጣጣ ስለሚሆን ስድቡም እርቁም ከኳስ አያልፍም፡፡ ይህ ነጥብ ከሁሉም የሚቀድም ሲሆን ከሜዳው ሙላት ጋር የሚጋጭ ከሆነም ባዶ ሜዳ ይሻላል፡፡

ሌላው ወጥመድ ግዳጅ ነው፡፡ «ያልተገኘ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል» ማለት ለአንድ ቀን ሜዳውን ይሞላ ይሆናል፡፡ በትእዛዝ የመጣ ሰው ግን ስልኩን እያየ ይቀመጣል፤ ቡናም አይገዛም፤ ካናቴራም አይለብስም፤ ደግሞም በሩ ሲከፈት ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፡፡ ደንበኛ ተጠርቶ እንጂ ተጎትቶ አይመጣም፡፡

በመጨረሻም ትዕግሥት ያስፈልጋል፡፡ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሜዳው አይሞላም፡፡ አዘጋጁ በአራት ሳምንት ውስጥ ማየት ያለበት የመጨረሻው ቆጠራ ከመጀመሪያው ቆጠራ ጋር እየተቀራረበ መሄዱን ነው፡፡ 90 ሰው መጥቶ 85ቱ እስከ መጨረሻው ከቆየ ያ ውድድር ጤነኛ ነው፡፡ እነዚያ 85 ተማሪዎች በሚቀጥለው ቅዳሜ የየዶርማቸውን በር አንኳኩተው ሌላ ሰው ይዘው ይወጣሉ፡፡ ከዚህ የሚረክስም የሚበልጥም ማስታወቂያ የለም፡፡